ሦስት ስኒ ደም፦ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም ሥልጠናና የሥራ ዘመን

ሦስት ኪሎ የሚመዝን ጨቅላ በሰውነቱ ውስጥ ያለው ደም 240 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ሦስት የቡና ስኒ ቢሞላ ነው። የጎልማሳ ሰው ደም አምስት ሊትር ያህል ስለሆነ በቀዶ ሕክምና ጊዜ ሩብ ሊትር ቢፈስሰው ሐኪሞቹ ይመዘግቡታል እንጂ አይደነግጡም። ያው ሩብ ሊትር ከጨቅላው ቢፈስ በሥሮቹ ውስጥ የሚቀር ደም የለም። ስለዚህ በሕፃናት ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ደም የጠጣ ጨርቅ ሁሉ ይመዘናል፤ የአንድ ስኒ ሲሶ ደም መፍሰሱ ከሕፃኑ ጠቅላላ ደም አንድ አሥረኛው ያህል እንደ ሄደ ይቆጠራል።

ልዩነቱ በደም ብቻ አያበቃም። የጨቅላ ቆዳ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ሰፊ ነው፤ ከቆዳው በታች ያለው ስብ ስስ ነው፤ ሲበርደውም እንደ ትልቅ ሰው ተንቀጥቅጦ ሙቀት አያመነጭም። ሆዱ ተከፍቶ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ቢቆይ ሙቀቱ በፍጥነት ይወርዳል፤ ሙቀቱ ሲወርድ የልቡ ምት ይዘገያል፣ ደሙም መርጋት ያቅተዋል። ለአዋቂዎች ቀዶ ሐኪም የሚመቸው ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ለጨቅላው አደጋ ነው፤ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም በሞቀ ክፍል ውስጥ ላቡ እየወረደ መሥራትን ይለምዳል። ትንፋሽም እንዲሁ ነው። በኪሎ ሲሰላ የጨቅላ ሰውነት የሚፈልገው ኦክስጅን ከአዋቂው እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ የመተንፈሻ ቱቦው ለአፍታ ቢወልቅ የሚኖረው ፋታ አጭር ነው። መድኃኒቱም በኪሎ እየተባዛ ይታዘዛል፤ ነጥቧ አንድ ቦታ ከተዛነፈች መጠኑ አሥር እጥፍ ይሆናል። በሙያው ውስጥ ሕፃን ማለት ያነሰ ትልቅ ሰው አይደለም እየተባለ የሚደጋገመው ለዚህ ነው፤ የሥልጠናው ዓመታትም በአብዛኛው የሚያልፉት ይህን አንድ ሐሳብ በእጅና በዓይን በመማር ነው።

ሌሎቹ የቀዶ ሕክምና ዘርፎች ሰውነትን በአካል ክፍል ተከፋፍለውታል፤ አንዱ አጥንት፣ ሌላው አንጎል፣ ሌላው ልብ ይዟል። የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ግን ድርሻውን የያዘው በዕድሜ ነው። ከተወለደ ሰዓታት ብቻ ካስቆጠረው ጨቅላ አንሥቶ እስከ ጎረምሳው ድረስ የአንገት፣ የደረት፣ የሆድና የአንጀት፣ በብዙ አገር ደግሞ የሽንት መስመርና የዕጢ ሕመሞች ሁሉ ወደ አንድ ሐኪም ይመጣሉ። ልብ፣ አንጎልና አጥንት በሕፃናትም ዘንድ የየራሳቸው ባለሙያ አላቸው። ከዚያ ውጭ ያለው ስፋት ግን ዛሬ በየትኛውም የቀዶ ሕክምና ዘርፍ እምብዛም አይገኝም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ቡአ ያለበት የሁለት ዓመት ልጅ፣ ሳንቲም የዋጠች ሕፃን፣ ትርፍ አንጀቱ የፈነዳ ተማሪ፣ ድስት ተገልብጦባት የተቃጠለች ልጅ፣ ኩላሊቱ ላይ ዕጢ የበቀለበት የአራት ዓመት ልጅ ሊመጡ ይችላሉ።

ሙያውን ለብቻው ያቆሙት ግን አብረው የሚወለዱ የአፈጣጠር ችግሮች ናቸው። አንዳንድ ሕፃን የምግብ ቧንቧው ከጨጓራው ሳይገናኝ ተቋርጦ ይወለዳል፤ ብዙውን ጊዜም የታችኛው ጫፍ ከአየር ቧንቧው ጋር ተያይዞ ይገኛል። ምራቁን እንኳ መዋጥ ስለማይችል አፉ አረፋ ይሞላል፤ ጡት ሲሰጠው ትን ይለዋል፣ ይጠቁራል። ሌላው የፊንጢጣ ቀዳዳ ሳይኖረው ይወለዳል፤ ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አዋላጇ ሕፃኑን ገልብጣ ማየቷ ብቻ በቂ ነው። ሌላው ደግሞ የአንጀቱ የመጨረሻ ክፍል ነርቭ ሳያበቅል ይቀርና ሰገራው አልወጣ ይላል፤ የመጀመሪያው ጥቁር ሰገራ አንድ ቀን አልፎት ሁለተኛው ሲገባ ካልታየ ሕፃኑ መመርመር አለበት። ይህ ሕመም ሂርሽስፕሩንግ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1886 በዝርዝር ባቀረቡት ዴንማርካዊ የሕፃናት ሐኪም ስም ነው።

ሠልጣኙ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ የትውከት ቀለም ነው። ከሁለት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ያለው ሕፃን፣ በተለይ ወንድ፣ የጠባውን ወተት በኃይል እየወረወረ ቢያስመልስና ትውከቱ ነጭ ቢሆን፣ የጨጓራው መውጫ ጡንቻ ወፍሮ መተላለፊያውን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። መፍትሔው በእርግጥ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ጀርመናዊው ራምሽቴት በ1912 ይፋ ያደረጉት ዘዴ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ነገር ግን ሕፃኑ ያጣው ውኃና ጨው ሳይተካ ቢላ ማንሣት ስሕተት ነው። አንድ ሙሉ ቀን፣ ሲያስፈልግም ከዚያ በላይ፣ በደም ሥር ፈሳሽ እየተሰጠው ይቆያል። ትውከቱ አረንጓዴ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። አረንጓዴው ሐሞት ነው፤ ሐሞት ወደ ላይ መመለሱ አንጀቱ ከታች መዘጋቱን፣ ምናልባትም በራሱ ዙሪያ ተጠምዝዞ ደም ማጣቱን ያመለክታል። እንዲህ ያለው አንጀት በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ስለሚችል ነጩ ይጠብቃል፣ አረንጓዴው አይጠብቅም። መቼ መቅደድ እንዳለበት የሚያውቅ እጅ መቼ መቆየት እንዳለበትም ማወቅ አለበት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ዘግይቶ የሚመጣ ዕውቀት ነው።

ይህ ሁሉ የታወቀበት ዘመን ሩቅ አይደለም። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ሕፃናትን የሚቀድዱት የአዋቂዎች ሐኪሞች ነበሩ፤ ከተለመደው ሥራቸው በተረፈ ጊዜ፣ በአዋቂዎች መሣሪያ። አሜሪካ ውስጥ ሙያውን እንደ መሠረቱ የሚቆጠሩት በቦስተን የሕፃናት ሆስፒታል የሠሩት ዶክተር ዊልያም ላድ ናቸው። ዲሴምበር 6 ቀን 1917 በካናዳ ሃሊፋክስ ወደብ ፈንጂ የጫነች መርከብ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ስትፈነዳ ወደ 2000 ሰው ሞተ፤ ላድ ከቦስተን ከሄዱት የዕርዳታ ሐኪሞች መካከል ነበሩ። እዚያ ባዩአቸው የቆሰሉ ሕፃናት ምክንያት ቀሪ ዕድሜያቸውን ለሕፃናት ሰጡ እየተባለ ይነገራል። ታሪኩ ሲተረክ ትንሽ ሳይለሰልስ አልቀረም፤ ላድ ከሃሊፋክስ በፊትም ሕፃናትን ያክሙ ነበር። ቀስ በቀስ የአዋቂዎችን ሕክምና ትተው ሙሉ ጊዜያቸውን ለሕፃናት ማዋላቸው ግን እውነት ነው። የተጠማዘዘውን የጨቅላ አንጀት ለማቃናት በ1936 የጻፉት ዘዴ ዛሬም በስማቸው ይጠራል።

ከላድ ሥር የሠለጠኑት ዶክተር ሮበርት ግሮስ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ዓይናቸው ማየት የተሳነው ሰው ነበሩ፤ ርቀትን በሁለት ዓይን መለካት ሳይችሉ በጣት በማይያዙ ሥሮች ላይ መሥራትን ተማሩ። ኦገስት 26 ቀን 1938፣ ገና በ33 ዓመታቸው፣ አለቃቸው ላድ በሌሉበት፣ በአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ልብ አጠገብ ከልደት በኋላ መዘጋት ሲገባው ክፍት የቀረውን ቧንቧ አሰሩ። ልጅቷ ዳነች፤ አብሮ በተወለደ የልብ ችግር ላይ የተሠራ የመጀመሪያው የተሳካ ቀዶ ሕክምና ሆነ። ላድ ሲመለሱ አልተደሰቱም፤ ሆኖም በ1941 ሁለቱ በጋራ ስለ ሕፃናት የሆድ ቀዶ ሕክምና የጻፉት መጽሐፍ ለትውልድ ሠልጣኞች መማሪያ ሆነ። በዚያው ዓመት በሚሺጋን፣ አን አርበር፣ ካሜሮን ሃይት የተባሉት ቀዶ ሐኪም የተቋረጠውን የምግብ ቧንቧ በአንድ ጊዜ ቀዶ ሕክምና አገናኝተው ሕፃኗን አተረፉ። ከዚያ በፊት ያን ችግር ይዞ መወለድ ከሞት ፍርድ አይለይም ነበር ማለት ይቻላል።

የአንድ የሕፃናት ቀዶ ሐኪም የሥራ ዘመን ከጫፍ እስከ ጫፍ ምን እንደሚመስል ለማየት የዶክተር ኤቨረት ኩፕ ሕይወት ጥሩ ምሳሌ ነው። ኩፕ በ1916 በኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ተወለዱ። በ1937 ከዳርትማውዝ ኮሌጅ፣ በ1941 ከኮርኔል የሕክምና ትምህርት ቤት ተመረቁ፤ የቀዶ ሕክምና ሥልጠናቸውን በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ተከታተሉ። የፊላዴልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ክፍል እንዲይዙ ሲታጩ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና የሚባል መደበኛ ሥልጠና ስላልነበረ ወደ ቦስተን ሄደው በላድና በግሮስ ክፍል ጥቂት ወራት ቆዩ። የተመለሱበት ሆስፒታል በእልልታ አልተቀበላቸውም፤ የሕፃናት ሐኪሞቹ ቀዶ ሐኪም ልጆቹን ይጎዳብናል የሚል ስጋት ነበራቸው፤ ስጋቱም በዘመኑ መሠረት የሌለው አልነበረም። ከሁሉ በላይ የሚያስፈራው ሰመመን ነበር። ኩፕ ከሰመመን ባለሙያዎች ጋር ሆነው ለጨቅላ የሚሆን የመተንፈሻ ቱቦና የአሰጣጥ ዘዴ አበጁ። በ1956 ደግሞ በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን ለቀዶ ሕክምና ጨቅላዎች የተለየ ጽኑ ሕክምና ክፍል ከፈቱ። ሠልጣኞች የተሻለ መስፊያ ወይም የተሻለ መቀስ እንዳገኙ ያወራሉ፤ የጨቅላዎቹን ሞት የቀነሰው ግን በአብዛኛው ይህ ዓይነቱ ነገር ነው፦ ሙቀት፣ ትንፋሽ፣ ፈሳሽ፣ ሌሊቱን ሙሉ የማትተኛ ነርስ።

በዚያው ሆስፒታል በ1967 አንጀቷ ሊባል የሚችለው ሁሉ የጠፋባት ጨቅላ ምግቧን ሙሉ በሙሉ በደም ሥር እያገኘች ለወራት እንድታድግ ተደረገ። ከዚያ በፊት አንጀቱ እስኪሠራ ድረስ መጠበቅ ያልቻለ ሕፃን በርሃብ ይሞት ነበር። ኩፕ ራሳቸው ተጣብቀው የተወለዱ መንትዮችን በመለየት፣ የምግብ ቧንቧ በመቀጠል፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቡአዎችን በመጠገን ሠሩ፤ 35 ሬዚደንቶችና ከውጭ አገር የመጡ 14 ሐኪሞችንም አሠለጠኑ። በ1981 ቀዶ ሕክምናን ትተው ቀጥሎ ባለው ዓመት የአሜሪካ ሰርጅን ጄኔራል ሆኑ፤ ስሙ የቀዶ ሕክምና ቢመስልም ሥራው የሕዝብ ጤና ነው። ስለ ትምባሆ ጉዳትና ስለ ኤድስ በግልጽ በመናገር የሚታወሱት ከዚያ ሹመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013፣ በ96 ዓመታቸው አረፉ።

ኩፕ ጥቂት ወራት ብቻ የተማሩት ነገር ዛሬ ዓመታት ይወስዳል። በአሜሪካ መንገዱ እንዲህ ነው፦ አራት ዓመት ኮሌጅ፣ አራት ዓመት የሕክምና ትምህርት፣ አምስት ዓመት የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ሬዚደንሲ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ፌሎሺፕ። ብዙዎቹ በመሃል ሁለት ዓመት ያህል ምርምር ስለሚያደርጉ ሥልጠናው ሲያበቃ ሠላሳዎቹ አጋማሽ ያልፋሉ። የፌሎሺፕ ቦታው ጥቂት፣ ውድድሩም ከባድ ነው። የአሜሪካ የቀዶ ሕክምና ቦርድ በዚህ ዘርፍ የመጀመሪያውን የምስክር ወረቀት ፈተና የሰጠው በ1975 ነው። በብሪታንያ ደግሞ ከሕክምና ትምህርት በኋላ ሁለት የመሠረት ዓመት፣ ሁለት የጋራ የቀዶ ሕክምና ዓመት፣ ከዚያ ስድስት ዓመት በሕፃናት ቀዶ ሕክምና ላይ ብቻ ያልፋል። የአሜሪካው ሐኪም በአዋቂዎች ላይ ብዙ ሠርቶ ወደ ሕፃናት ይወርዳል፤ የብሪታንያው ቀድሞ ይለያል። የትኛው እንደሚሻል ክርክሩ አላለቀም፤ ጉዳት የደረሰበትን ልጅ ሆድ በድንገት መክፈት ሲያስፈልግ ግን የጠቅላላ ቀዶ ሕክምና ልምድ መርዳቱ አያጠራጥርም።

በኢትዮጵያ ጉዞው የሚጀምረው ከ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። የሕክምና ትምህርቱ በኢንተርንሺፕ ይጠናቀቃል፤ ኢንተርኑ ዱቲ እያደረ በየክፍሉ የሚዞርበት፣ ብዙ ተማሪ ወደ ቀዶ ሕክምና ለማዘንበል ወይም ከእሱ ለመራቅ የሚወስንበት ዓመት ነው። ቀጥሎ ጠቅላላ ሐኪም ሆኖ መሥራት፣ ከዚያ ለሬዚደንሲ መወዳደር ይመጣል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሕፃናት ቀዶ ሐኪሞች ከሚሠለጥኑባቸው ቦታዎች ዋነኛው ነው። በአካባቢው ሌላም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1999 የተቋቋመውና ጽሕፈት ቤቱ አሩሻ፣ ታንዛኒያ የሆነው የምሥራቅ፣ የማዕከላዊና የደቡባዊ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ፣ በአጭሩ ኮሴክሳ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለአባል አገሮቹ የጋራ ሥልጠናና ፈተና ይሰጣል፤ ሁለት ዓመት የመሠረት፣ ሦስት ዓመት የልዩ ሙያ። ኮሌጁ የራሱ ግቢ የለውም። ሠልጣኙ በሚሠራበት ሆስፒታል እየተማረ ይቆይና ፈተናው ከየአገሩ ሠልጣኞች ጋር አንድ ይሆናል። ሐኪሙ ከአገሩ ሕመምተኞች ሳይርቅ መማሩ ከሌሎቹ የሚለይበት ጥሩ ጎኑ ነው።

ሬዚደንሲ የሚባለው አሠራር የመጣው በ1889 ከተከፈተው የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታልና ከቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ሃልስቴድ ነው። ሐሳቡ ኃላፊነትን በደረጃ ማሻገር ነው። አዲሱ ሠልጣኝ መጀመሪያ ይዞ ያግዛል፤ ቀጥሎ ሲኒየሩ ከፊቱ ቆሞ እያገዘው ይሠራል፤ በመጨረሻ ሲኒየሩ በአካባቢው እያለ ለብቻው ይሠራል። በዚህ መካከል ክር ማሠር በወንበር እግር፣ በበር እጀታ፣ በተገኘው ነገር ሁሉ ላይ ይለመዳል። የጨቅላ አንጀት የሚሰፋበት ክር የፀጉር ያህል የቀጠነ ስለሆነ ሐኪሙ የማጉያ መነጽር አድርጎ ይሠራል፤ ጠንከር አድርጎ የሚጎትት እጅ ሕብረ ሕዋሱን እንደ እርጥብ ወረቀት ይቀደዋል።

የመጀመሪያው ኦፕራሲዮን አብዛኛውን ጊዜ ቡአ ነው። ለተመልካች ትንሽ ሥራ ይመስላል። ነገር ግን ከስሱ የቡአ ከረጢት ላይ የወንድ ዘር የሚያልፍበትን ቀጭን ቱቦና የቆለጡን ደም ሥሮች ሳይጎዱ ማላቀቅ ያስፈልጋል፤ ጉዳቱ ከተፈጠረ የሚታወቀው ልጁ አድጎ ልጅ ሲፈልግ ነው። ለዚህ ሲባል ሥራው ሁሉ በሎግ ቡክ ይመዘገባል፤ ስንት ጊዜ እንደታገዘ፣ ስንት ጊዜ ራሱ እንደሠራ ይቆጠራል። ጠዋት ጠዋት በሞርኒንግ ሴሽን የሌሊቱ ዱቲ ይገመገማል፤ የሞተ ሕፃን ወይም የደረሰ ጉዳት ካለም ለብቻው ይታያል። በእነዚህ ስብሰባዎች ላይ ቆሞ የራስን ውሳኔ ማስረዳት ከብዙ መጽሐፍ በላይ ያስተምራል። ስብሰባው ጥፋተኛ ፍለጋ ከሆነ ግን ሠልጣኙ መደበቅን ይማራል፤ የተደበቀ ስሕተት ደግሞ በሌላ ሕፃን ላይ ይደገማል።

ሕፃኑ ስለ ራሱ መናገር ስለማይችል ምርመራውም ፈቃዱም በወላጅ በኩል ያልፋል። በኢትዮጵያ ብዙ ጊዜ ሪፈር የተጻፈለትን ጨቅላ ይዞ ሩቅ መንገድ የሚመጣው አባት ወይም አያት ነው፤ እናትየዋ አራስ ናትና በወለደችበት ቀርታለች። ጡት የለም፣ የታለበ ወተት የለም፣ ስለ እርግዝናው የምትጠየቀው ሰው የለችም፤ ወሳኙ አጎት ስልኩ አይነሣም። ሐኪሙ በዚህ መሃል ተቀምጦ የአንጀትን መዘጋት ቀለል ባለ ቋንቋ፣ ሳይቸኩልና ሳያስፈራራ ማስረዳት አለበት። ይህ ችሎታ በአብዛኛው በፈተና አይለካም፤ መለካት ግን የነበረበት ነው።

የፊንጢጣ ቀዳዳ ሳይኖረው የተወለደ ሕፃን ታሪክ የዚህን ሙያ ትዕግሥት በደንብ ያሳያል። ብዙዎቹ ሦስት ኦፕራሲዮን ያስፈልጋቸዋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንጀቱ በሆዱ ላይ ተከፍቶ ሰገራው በዚያ እንዲወጣ ይደረጋል፤ ኮሎስቶሚ የሚባለው ነው። ከወራት በኋላ ፊንጢጣው በትክክለኛው ቦታ ይሠራል። ሲድን በሆዱ ላይ ያለው ይዘጋል። ሁለተኛውን ደረጃ የቀየሩት ሜክሲኳዊው ዶክተር አልቤርቶ ፔኛ ናቸው። ከእሳቸው በፊት ሐኪሞች ጡንቻዎቹን ሳያዩ በዳበሳ ይሠሩ ነበር፤ ፔኛ በ1980 ሕፃኑን በሆዱ አስተኝተው በመቀመጫው መሐል መስመር ከፍተው ሁሉንም ጡንቻ እያዩ መሥራት ጀመሩ፤ በ1982 ታተመ፣ ዓለም ሁሉ ተቀበለው። ፔኛ ዘዴውን በየአገሩ እየዞሩ አስተማሩ። ሆኖም በሦስቱ ኦፕራሲዮኖች መካከል ያለውን ጊዜ የምትሸከመው እናት ናት። የኮሎስቶሚ ከረጢት በማይገኝበት ቦታ ንጹሕ ጨርቅ እየቀየረች፣ የተላጠ ቆዳ በቅባት እየጠበቀች፣ ከጎረቤት ጥያቄ ልጇን እየሸሸገች ወራትን ትገፋለች። ቀጠሮው የተራዘመበት ልጅ ከነኮሎስቶሚው ትምህርት ቤት የሚገባበት ዕድሜ ላይ ሊደርስ ይችላል። የሐኪሙ ቁጥር ማነስ የሚያስከትለው ነገር በተራ ጠባቂዎች መዝገብ ላይ ያለ አኃዝ ብቻ አይደለም፤ በዚህች እናት ቤት ውስጥ የሚያልፍ ጊዜ ነው።

በሀብታምና በድሃ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሰፊ ጥናት አሳይቷል። በ74 አገሮች፣ በ264 ሆስፒታሎች፣ አብሯቸው የተወለደ የአንጀት፣ የሆድ ግድግዳ፣ የምግብ ቧንቧ ወይም መሰል ችግር ያለባቸውን 3849 ሕፃናት አጥኚዎች ተከታተሉ። በዝቅተኛ ገቢ አገሮች ከመቶ ወደ 40 የሚጠጉት፣ በመካከለኛ ገቢ አገሮች 20 ያህሉ፣ በከፍተኛ ገቢ አገሮች ከ6 ያነሱት ሞቱ። ከሁሉ የከፋው አንጀቱ ከእምብርቱ አጠገብ በተከፈተ ቀዳዳ ወደ ውጭ ወጥቶ የሚወለድ ሕፃን ነው፦ በሀብታሞቹ አገሮች የሚሞተው ከመቶ 1.4 ሲሆን በድሆቹ 90 ነበር። ይህ ርቀት በቢላ አይለካም። የወጣውን አንጀት ቀስ በቀስ መመለስ የሚጠይቀው የእጅ ሥራ ከሌሎቹ አይከብድም። የሚያድነው ሕፃኑ ሲወለድ አንጀቱ በንጹሕ ፕላስቲክ መሸፈኑ፣ በመንገድ ላይ አለመብረዱ፣ በሰዓታት ውስጥ መድረሱ፣ ከዚያም አንጀቱ እስኪሠራ ለሳምንታት በደም ሥር መመገቡ ነው። የቀዶ ሐኪሙ ሥልጠና ሙሉ ሆኖ ሳለ የሰመመን ባለሙያ፣ የጨቅላ ነርስ፣ ኢንኩቤተርና የምግብ ፈሳሽ ከሌሉ ሐኪሙ የሚያድነው በሙያው ሳይሆን በዕድል ይሆናል። በዓለም ላይ 1.7 ቢሊዮን ሕፃናትና ወጣቶች አስፈላጊውን የቀዶ ሕክምና አያገኙም ተብሎ ተገምቷል።

ከሥልጠና በኋላ ያለው ሥራ እንደ ቦታው ይለያያል። በትልቅ ከተማ የማስተማሪያ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ቀስ እያለ ወደ አንድ ጉዳይ፣ ወደ ዕጢ ወይም ወደ ጉበትና ሐሞት ወይም በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ ወደሚሠራው ሕክምና ያዘነብላል፤ ተማሪ ያስተምራል፤ ምርምር ይጽፋል። በ1981 በካሊፎርኒያ፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ማይክል ሃሪሰን ፅንሱ ገና በማሕፀን ሳለ ቀዶ ሕክምና በማድረግ የከፈቱት መንገድም ዛሬ የራሱ ባለሙያዎች አሉት። በክልል ከተማ ብቻውን የሚሠራ ሐኪም ግን ምርጫ የለውም፤ የመጣውን ሁሉ ያያል፣ ሌሊት የሚጠራው እሱ ነው፣ ሲታመምም የሚተካው የለም። ለብዙዎች ሥራውን የሚያከብደው ይህ ብቸኝነት ነው። ሆኖም አንድ ሐኪም በአንድ ከተማ መቀመጡ የአዋላጆችንና የጤና ጣቢያ ሠራተኞችን ዓይን ይከፍታል፤ አረንጓዴ ትውከት ያየች ነርስ ማንን መጥራት እንዳለባት ስታውቅ ሪፈሩ በቀናት ሳይሆን በሰዓታት ይመጣል።

ሥራው ሕፃኑ ከሆስፒታል በወጣበት ቀን አያልቅም። የምግብ ቧንቧው የተቀጠለለት ልጅ መገጣጠሚያው ሲጠብበት ምግብ ይተናነቀዋል፤ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ መመለስም ለዓመታት ሊከተለው ይችላል። ፊንጢጣው የተሠራለት ልጅ ሰገራውን መቆጣጠር እስኪለምድ ድረስ ትምህርት ቤት ከመግባቱ በፊት ልዩ ክትትል ይፈልጋል። በኩላሊት ዕጢ የታከመች ልጅ ቀሪ ኩላሊቷ ይጠበቃል። በሕፃንነቷ የታችኛው አካሏ የተጠገነላት ሴት ስታረግዝ እንዴት እንደምትወልድ የማሕፀን ሐኪሟ ከቀደመው ታሪኳ ተነሥቶ ይወስናል። በብዙ አገሮች ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ወደ አዋቂዎች ሐኪም ይተላለፋል። ያን ጊዜ የሕፃናት ቀዶ ሐኪሙ የርክክብ ማስታወሻ ይጽፋል፦ ልጁ ምን ይዞ እንደተወለደ፣ በየትኛው ቀን ምን እንደተሠራለት፣ ምን ያህል አንጀት እንደተቆረጠና ምን ያህል እንደቀረ፣ የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማው። ወረቀቱን የሚቀበለው ሐኪም ልጁን ሦስት ኪሎ ሳለ አላየውም፤ ከዚያ ዘመን የሚያገኘው የተጻፈውን ብቻ ነው።